ሲያጠፉ ብቻ የሚጠሩ አምስት ወጣቶች

በዛሬው ጽሑፌ ስለ ኳስ ላጫውትዎ ነው። ኳስ ስል ግን እኛ የምናውቀውን የእግር ኳስ ማለቴ አይደለም። አሜሪካኖች «ፉትቦል» የሚሉትን፤ ኳሱ እንደ ሎሚ ሁለት ጫፉ ሾጠጥ ያለውን፤ ከእግር ይልቅ በእጅ የሚጫወቱትን፤ ተጫዋቾቹም እንደ ጥንት ጦረኛ ቆብና የትከሻ መከላከያ አድርገው የሚጋጩበትን ጨዋታ ነው። ድንገት በቴሌቪዥን አይተውት እንደ ሆነ «ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ጠብ?» ሳይሉ አልቀሩም። እኔም እንደዚሁ ብዬ ነበር።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ የአክስቴ ልጅ ነው። የሚኖረው በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት አውሮራ በምትባለው ከተማ ነው። አውሮራና ጎረቤቷ ዴንቨር ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች መሆናቸውን ሳያውቁ አይቀሩም። እርሱ በአውሮፕላን ማረፊያው ሲሠራ ይውልና ቅዳሜ ሲደርስ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደጋፊ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው ከዴንቨር ብዙ በማይርቀው በቦልደር ከተማ፤ በተራራ ሥር ያለ ነው። የቡድኑ ምልክት ጎሽ ነው፤ ሥዕሉ ብቻ አይምሰልዎ፤ ጨዋታው ሳይጀመር እውነተኛ ጎሽ በሜዳው ላይ ያስሮጣሉ።

ነገሩ የጀመረው በ2023 ዓ.ም. ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኦክቶበር 14 ቀን ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ስልኬ ጮኸ። በቦልደር ገና ዓርብ ማታ ነበር። «መምህር፤ አሁንም ተኝተሃል? ስታንፎርድን 29 ለ0 እየመራን ዕረፍት ወጣን!» አለኝ፤ ባሕር ማዶ ድምፁን ለማድረስ እንደሚጣጣር ሰው እየጮኸ። እንኳን ደስ ያለህ ብዬው ተመልሼ ተኛሁ። ወደ 3 ሰዓት ገደማ እኔው ራሴ ደወልኩለት። «46 ለ43» አለኝ በቀጭን ድምፅ። ማን አሸነፈ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሃያ ዘጠኝ ነጥብ በግማሽ ጨዋታ እንዴት ይጠፋል? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ተከላካዮቹም ያን ሌሊት ጥፋት አላጡም። የአክስቴ ልጅ ግን አንዱን ብቻ እየደጋገመ ነገረኝ። «ፊት ያሉት አምስቱ ልጆች» አለኝ። እኔም በሙያዬ መምህር ስለ ሆንኩ ያልገባኝን ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ አይሆንልኝምና ስለነዚህ አምስት ልጆች መጠያየቅ ጀመርኩ።

የጨዋታውን ሕግ ሁሉ ልዘርዝር ብል ይህ ገጽ አይበቃም፤ የሚያስፈልገንን ብቻ ልበል። አንድ ቡድን 11 ሰዎች አሰልፎ ኳሱን ይዞ ይነሣል። 10 ያርድ፤ ይኸውም ከ9 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መሬት፤ ለመግፋት አራት ጊዜ ይሞክራል። ከገፋ ሌላ አራት ሙከራ ይጨመርለታል፤ ካልገፋ ኳሱ ለባላጋራው ይሆናል። የማጥቃቱ አዛዥ ኳርተርባክ ይባላል። ኳሱን ተቀብሎ ወይ ለሯጭ ይሰጣል፤ ወይ ወደ ፊት ለሚሮጥ ጓደኛው ይወረውራል። ለመወርወር ማየት አለበት፤ ለማየትም ጊዜ ያስፈልገዋል። ጊዜ የምለው ሦስት ሴኮንድ ያህል ነው፤ እርስዎ ይህን ዓረፍተ ነገር አንብበው ሳይጨርሱ የሚያልፍ።

ይህችን ሦስት ሴኮንድ የሚያስገኙለት አምስቱ ናቸው። በመካከል ሴንተር የሚባለው ጐንበስ ብሎ ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ያቀብላል፤ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች ይቆማሉ፤ ከነርሱ ቀጥሎ በሁለቱ ጥግ ሁለት ታክሎች አሉ። ከመካከላቸው 140 ኪሎ የሚመዝን ቢገኝ ማንም አይደነቅም። የአጥቂው ወገን ናቸው ይባላሉ እንጂ ሥራቸው መመከት ነው። ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ መቀበል በሕግ ተከልክለዋል። ኳሱ ከመነሣቱ በፊት አንዱ እግሩን ቢያነቃንቅ ቡድኑ 5 ያርድ ወደ ኋላ ይቀጣል፤ የባላጋራውን ልብስ ይዞ ቢጐትት 10 ያርድ። ያን ጊዜ ዳኛው ቁጥሩን በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ 50 ሺህ ሰው ይሰማል። ሌላ ጊዜ የሚጠራቸው የለም።

መቼም ሥራው የጕልበት ብቻ ይመስላል። አይደለም። ከፊት የቆሙት ሁለት ተከላካዮች ኳሱ ሲነሣ እንደ መቀስ ይሻገራሉ እንበል፤ የግራው ወደ ቀኝ፤ የቀኙም ወደ ግራ። ጋርዱና ታክሉ የየራሳቸውን ሰው ተከትለው ቢሮጡ እርስ በርሳቸው ይጋጩና መካከሉ እንደ በር ይከፈታል። ማድረግ የሚገባቸው የያዙትን ለጓደኛ ለቆ፤ ከጓደኛ የመጣውን መቀበል ነው። «ያንተን አምጣ፤ የኔን ውሰድ» ለመባባል ፋታ የለም። ያኛው ይቀበለኛል ብሎ ሳያዩ ማመን ነው። ጓደኛውን የማያውቅ ሰው በዚህ ጊዜ ለግማሽ ሴኮንድ ያመነታል፤ እርስዎ ከሦስቱ ሴኮንድ ላይ ይቀንሱት። በባላጋራ ሜዳ ሲጫወቱ ደግሞ ከጩኸቱ ብዛት የኳርተርባኩ ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ጋርዱ ወደ ኋላ ዞሮ ያይና ሴንተሩን መታ ያደርገዋል፤ ሴንተሩም በልቡ ቆጥሮ ኳሱን ያቀብላል፤ አምስቱም ሳይሰማሙ በአንድ ልብ ቆጥረው በአንድነት መነሣት አለባቸው። በግራ ጥግ ያለው ታክል ከሁሉ ይልቅ ይከበራል፤ ለምን ቢሉ በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ ሲያነጣጥር ጀርባው ወደ ግራ ስለሚሆን ከዚያ በኩል የሚመጣበትን አያይም። የሚያይለት ያ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ኮሎራዶ እንመለስ። ይህ ቡድን በ2022 ካደረጋቸው 12 ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ዲዮን ሳንደርስ አሠልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ። ሳንደርስ በተጫዋችነቱ ዘመን ስሙ አገር ያዳረሰ ተከላካይ ነበረ፤ በ2011 በፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ ገብቷል። ገና ከተጫዋቾቹ ጋር በተገናኘበት በመጀመሪያው ስብሰባ፤ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ብትፈልጉ ይሻላችኋል የሚል ነገር ነገራቸው። በርግጥም ብዙዎቹ ሄዱ፤ ለ2023 ጨዋታ ከ80 የሚበልጡ አዲስ ልጆች መጡ። ኳርተርባኩም አዲስ ነው፤ የአሠልጣኙ የገዛ ልጅ ሸዱር ሳንደርስ።

መጀመሪያው ሠርግ ነበር። ካለፈው ዓመት የዋንጫ ጨዋታ የደረሰውን የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ በአገሩ ሄደው 45 ለ42 አሸነፉት፤ ተከታዮቹን ሁለት ጨዋታዎችም ደገሙ። መላው አሜሪካ ስለ ቦልደር ያወራ ጀመር። ከዚያ በኋላ ግን ከቀሩት ዘጠኝ ጨዋታዎች አንዱን ብቻ አሸነፉ። አራት ድል፤ ስምንት ሽንፈት።

በዚያ ዓመት ባላጋራዎቻቸው የኮሎራዶን ኳርተርባክ ኳሱን ሳይወረውር 56 ጊዜ መሬት ላይ ጥለውታል። ከዚህ ውስጥ 52ቱ የደረሰው በሸዱር ላይ ነው፤ ያውም በ11 ጨዋታዎች። አሥራ ሁለተኛውን አልተጫወተም፤ ጀርባው ላይ የአጥንት ስንጥቅ ተገኝቶበት ነበርና። አባቱ በሜዳው ዳር ቆሞ ይህን ሁሉ አይቷል። እኔ ልጅ የለኝም፤ ነገር ግን ይህን ቁጥር ሳነብ የመጣብኝ ኳሱ ሳይሆን የአባቱ ፊት ነው።

ኦክቶበር 28 ቀን ከሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጫውተው 28 ለ16 ሲሸነፉ ሸዱር ሰባት ጊዜ ተጥሏል። ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኞች ይህ የፊት መስመር እንዴት ይሻሻላል ብለው አሠልጣኙን ጠየቁ። መልሱ በአጭሩ ሲነገር፤ ሌሎች የፊት መስመር ተጫዋቾች ሄዶ ማምጣት ነው የሚል ነበር። በአደባባይ ነው የተናገረው። ገና አራት ጨዋታ ቀርቶ ነበር፤ የሚቆሙትም ከነዚያው ልጆች መካከል ነበሩ።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ልቈጣ ብዬ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ከዚያ የራሴ ነገር ትዝ አለኝና ተውኩት። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቼ የሂሳብ ፈተና ወረቀት አርሜ ስጨርስ ከመናደዴ የተነሣ ክፍሉ ፊት ቆሜ «ሌላ ክፍል ቢሰጠኝ ኖሮ!» ብያለሁ። ማንም አልመለሰልኝም። በማግስቱ ግን እጅ የሚያወጣ ተማሪ አልነበረም፤ ያ ዝምታ እስኪለቀን ወር ፈጅቶብናል። እኔ የተናገርኩት ለአርባ ልጆች ነው። ሰውየው የተናገረው አገር እየሰማ፤ የገዛ ልጁ እየተመታ ነው። ቁጣው ይገባኛል፤ ንግግሩ ግን ስሕተት ነበረ ከማለት አልመለስም። የፊት መስመሩ ልጆች በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲቆሙ፤ ከኋላቸው ያለው ሰው እንደማይፈልጋቸው እያወቁ ነው የቆሙት።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጥፋቱ ሁሉ የነርሱ አልነበረም። ሸዱር ጓደኛው ነጻ እስኪወጣ ኳሱን ይዞ መቆየት ይወድ ነበር፤ ሦስት ሴኮንድ የሰጡትን አምስት ቢያደርገው አጥሩ ምን ያድርግ? በሩጫም በኩል ቡድኑ ባዶ ነበር። ባላጋራ ኳሱ እንደሚወረወር አስቀድሞ ካወቀ ሳያመነታ ይመጣል። ስታንፎርድን 29 ለ0 ሲመሩ የሚያስፈልገው ሯጭ እየላኩ ሰዓቱን ማስጨረስ ነበር፤ ለሯጭ መንገድ የሚከፍቱት ግን እነዚያው አምስቱ ናቸው።

በ2023 ኮሎራዶ በአንድ ጨዋታ በአማካይ በሩጫ የገፋው ከ70 ያርድ በታች ነው፤ ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ምድብ የመጨረሻው ሆነ። ይህን ቁጥር ሲያዩ አንድ ነገር ይወቁ፤ በኮሌጅ ጨዋታ ኳርተርባኩ ሲጣል የጠፋው መሬት ከሩጫው ሒሳብ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ አንዱ ጉድለት ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ቢሆንም ያሳዝናል፤ ለምን ቢሉ ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1994 ራሻን ሳላም የተባለ አንድ ሯጭ ብቻውን 2,055 ያርድ የሮጠበት ነውና። ሳላም በዚያ ዓመት የሃይስማንን ሽልማት ተቀብሏል። መንገድ የከፈቱለትን ሰዎች ስም ዛሬ በቃል የሚያውቅ ደጋፊ ብዙ አይመስለኝም፤ የአክስቴን ልጅ ጠይቄው አላወቀም።

በ2024 አሠልጣኙ እንዳለው አደረገ። የፊት መስመሩን የሚያስተምረው ሰው ተለወጠ፤ ቀድሞ በፕሮፌሽናል ቡድን በታክልነት የተጫወተ ፊል ሎድሆልት የተባለ ሰው መጣ። ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተጫዋቾች መጡ። ከሁሉ በላይ ተስፋ የተጣለበት ግን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ የመጣው ጆርዳን ሲተን ነው፤ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ልጅ። እኔ የማስተምራቸውን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች አስቤ አንዱን በዚያ ቦታ ለማቆም ሞከርኩ፤ በዓይነ ሕሊናዬ እንኳ አልቆመልኝም። ይህ ልጅ ግን በዚያ ዓመት በተደረጉት 13 ጨዋታዎች ሁሉ በግራ ጥግ ተሰለፈ።

ቡድኑ ዘጠኝ አሸንፎ አራት ተሸነፈ። ትራቪስ ሀንተር የሃይስማንን ሽልማት ለቦልደር አመጣ። ሸዱር 42 ጊዜ ተጣለ። ከ52 ወደ 42 ማለት ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ጨዋታዎቹ ግን ከ11 ወደ 13 ከፍ ማለታቸውን አይርሱ። ባንዱ ጨዋታ ወደ አምስት ይጠጋ የነበረው ወደ ሦስት ወርዷል ማለት ነው። በሩጫ ግን ያው፤ ዳግመኛ የመጨረሻ። እንግዲህ አጥሩ የሚጠብቀውን መጠበቅ ተምሯል፤ ገፍቶ መክፈቱን ግን አልተማረም። ጥበቃ አንድ ብርቱ ሰው ጥግ ላይ በማቆም ጥቂት ይሻሻላል። ለሯጭ መንገድ መክፈት ግን አምስቱም በአንድ አፍታ፤ በአንድ አቅጣጫ፤ ትከሻ ለትከሻ ካልሄዱ አይሆንም።

በዚያው ዓመት የሆነ ሌላ ነገር ላውጋዎ። ከ2015 ጀምሮ በጆ ሙር ስም የሚሰጥ ሽልማት አለ። ለአንድ ተጫዋች አይሰጥም፤ በዓመቱ ከሁሉ ለበለጠ የፊት መስመር በሙሉ ነው። የ2024ን ማን ወሰደው? የዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ቡድን ወሰደው። ለመኮንንነት የሚማሩ ዕጩዎች ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ እንደሌሎቹ በገንዘብ እያባበለ ተጫዋች ማምጣት አይችልም። ያሉት ልጆች በአንድ ሰፈር እያደሩ፤ በአንድ ደወል እየተነሡ ዓመታት አብረው ይቆያሉ። ኮሎራዶ በሩጫ የመጨረሻ በሆነበት ዓመት የመጀመሪያው ይህ ቡድን ነበር፤ በጨዋታ ወደ 300 ያርድ ይሮጥ ነበር። መቼም ሁለቱን ማነጻጸር ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም፤ ወታደሮቹ ኳስ የሚወረውሩት አልፎ አልፎ ስለ ሆነ ኳርተርባኩን የመጠበቁ ፈተና ብዙ አይደርስባቸውም። ይሁን እንጂ እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ «ሌሎች ሄዶ ማምጣት» የሚለው መድኃኒት ግማሽ መድኃኒት ሆኖ ይታየኛል።

ግማሽ ነው የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሮ አንድ ተጫዋች ዩኒቨርሲቲ ሲቀይር አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር። በ2021 አንድ ጊዜ መቀየር በነጻ ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ሆነ። በ2024 ትምህርቱን የተወጣ ሁሉ የፈለገውን ያህል ጊዜ ሊቀይር ቻለ። ከ2025 ጁላይ ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ሊከፍሏቸው ተፈቀደ። ልጆቹን አልወቅስም። 140 ኪሎ ተሸክሞ በየሳምንቱ ጉልበቱን ለአደጋ የሚያቀርብ፤ ከድኻ ቤት የመጣ ወጣት የተሻለ ሲሰጡት አልፈልግም ይበል የሚል ሰው መጀመሪያ የራሱን ደመወዝ ይመልስ። ነገር ግን ሯጭ ወይም ወርዋሪ ዛሬ መጥቶ ነገ ሊያበራ ይችላል፤ የፊት መስመር ግን በአንድ ክረምት አይለማመድም። አምስት ብርቱዎች ከአምስት ቦታ መጥተው አንድ አጥር እስኪሆኑ፤ ያ የመቀሱ ነገር በዓይን ሳይሆን በልማድ እስኪያዝ፤ የጨዋታው ወራት ያልቃል። በዓመቱ ሁለቱ ሄደው ሌሎች ሁለት ይመጣሉ።

ይህም በ2025 ታየ። ሸዱር ወደ ፕሮፌሽናሎቹ ወደ ክሊቭላንድ ሄደ። ሎድሆልትም ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ በመዛወሩ የፊት መስመሩ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስተኛ አስተማሪ አየ። ክፍሌን በየዓመቱ መምህር ቢቀያይሩበት ምን እንደሚሆን ስለማውቅ ውጤቱ አልደነቀኝም፤ ሦስት ድል፤ ዘጠኝ ሽንፈት።

ታዲያ ተስፋ የለም ወይ? አለ እንጂ። በ2022 አንድ ጊዜ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ከሁለት ዓመት በኋላ ዘጠኝ ጊዜ ማሸነፉን አይተናል። እኔ አማካሪ ብሆን ኖሮ (ማንም አልጠየቀኝም) ለኳርተርባኩ ከሚወጣው ገንዘብ ቀንሼ ሴንተሩንና ሁለቱን ጋርዶች ለሦስት ዓመት እንዲቆዩ አደርግበት ነበር። ጥጎቹን ከውጭ ማምጣት ይቻላል፤ መካከሉ ግን አብሮ ያደገ ቢሆን ይሻላል። ሁለተኛም፤ የሚያስተምራቸውን ሰው ቢሸነፉም አልቀይረውም ነበር። የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ እዚያ ሆነህ ሦስት ዓመት ትላለህ፤ እዚህ ሰው ሦስት ሳምንት አይታገሥም» አለኝ። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም።

እርሱ ግን ይታገሣል። በዚያ ሁሉ ሽንፈት ወርቅና ጥቁር ሹራቡን አልጣለም። ዛሬ ቅዳሜ ሲደውልልኝ ውጤቱን እንዲነግረኝ አልቸኩልም። መጀመሪያ የምጠይቀው «አምስቱ ያለፈው ሳምንት ልጆች ናቸው?» ብዬ ነው። እርሱም ጥቂት ዝም ይላል፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እላለሁ። ለካስ እየቆጠረ ነው።